ሚስቴ እልል ያለችለት በሽታ

ጨብጥ ሳይኖርብኝ ጨብጣም ተብያለሁ። የተናገረው የሰፈራችን ድሬሰር ነው፣ ያመነችው ሚስቴ ናት፣ ያዳረሱት አማቴ ናቸው። ይህን አስቀድሜ እጽፋለሁ። ሰው በደሉን እያድበሰበሰ ሲያወራ ደስ አይለኝም።

የጭነት መኪና ሾፌር ነበርኩ። ያን ጊዜ ሾፌር ነኝ ስትል ሰው የሚሰማው በየከተማው ሴት አለኝ እንዳልክ አድርጎ ነው። ለጦሩ የሚሄደውን የቆርቆሮ ሥጋ ከደቡብ እጭናለሁ፣ በሻሸመኔ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በአዳሚ ቱሉ አድርጌ አዳማ አምጥቼ አራግፋለሁ። ቤቴም አዳማ ነው። ስመለስ ሻሸመኔ አድራለሁ። ሻሸመኔ ማደር ደግሞ ብቻውን ክስ ነው፣ ሌላ ምስክር አይፈልግም።

የሥጋውን ነገር ልናገር፣ መዘዙ ከሱ ነውና። ካርቶን ሲወድቅ ጎኑ የተሰረጎደ ቆርቆሮ ይኖራል። እሱን መጋዘን አይረከብም። ወደ ጎን ይጣላል፣ ከዚያ ለሾፌር ይደርሳል። እኔ በልቼ አልጠግበውም ነበር። መንገድ ላይ ስቆም ቆርቆሮውን በስቼ ሞተሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ጎማዬን እስክፈትሽ ይሞቃል። ከላይ ረግቶ የነበረው ስብ ቀልጦ ሲንጫጫ ዳቦዬን እቆርሳለሁ። መኪናዬ ወጥ ሠሪዬ ነበረች። ሥጋው ግን ይገርመኝ ነበር፤ መቼ እንደታረደ ፈጣሪ ይወቀው፣ ስትከፍተው ግን አሁን ከቄራ እንደወጣ ቀይ ነው። እኛ ቤት የፋሲካ ሥጋ በማግስቱ ይጠቁራል። የፋብሪካ ጥበብ ነው ብዬ አደነቅሁ። ሞኝ ነበርኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ጢሜ ከበቀለ ቆይቶ። ከጥቁር ሰሌዳው ውጭ ማንም ሳይረዳኝ ያነበብኩት የመጀመሪያው ቃል ያ ቆርቆሮ ላይ ያለው ነው፦ «ሥጋ»። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለሚስቴ አነበብኩላት።

«ማንበብህስ ደግ» አለችኝ። «ማን እንዳረደውስ ይላል?»

ገልብጬ አየሁት። «አይልም።»

«የክርስቲያን ይሁን የእስላም አልጻፉበትም?»

«አልጻፉበትም።»

«እንግዲያው ያንተ ማንበብ ምኑ ነው?» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። ከአጥር ማዶ ያለችው እስላም ጎረቤታችን ሰምታ፣ «እውነቷን ነው፣ እኔም ለዚሁ ብዬ አልነካውም» አለች። በሌላ ሥጋ የማይገናኙት ሁለት ሴቶች በዚህ ሥጋ ተስማሙ። እኔ ብቻዬን በላሁ። ጾም ስፈታም፣ ሳልፈታም በላሁ፤ መንገደኛ ነኝ አልኩ። ዓመታት በላሁ።

አንድ ቀን አዳሚ ቱሉ ደረስ ስል መኪናዬን አቁሜ ከጎማው ሥር ስሸና፣ የወጣው ደም ነው። ቀይ። አያምም፣ አያቃጥል፣ ምንም። ሐይቁ ከሩቅ ያበራል፣ እኔ ደም እሸናለሁ። ቤት ስደርስ ለሚስቴ ምን ልበላት? «ሽንቴን አሞኛል» አልኳት።

ይቺ ቃል ናት ያጠፋችኝ። በኛ ከተማ ሽንቴን አሞኛል የሚል ወንድ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። ጨብጥ ማለት የሚያፍር ሰው እንዲያ ይላል። እኔ ግን የታመመው ሽንቴ ነው፣ ሌላ ምን ልበል? ራሴን ነው ልበል? ሚስቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ሐኪም ዘንድ ሂድ» አለች።

ሐኪም የምንለው ድሬሰሩን ነው። ነጭ ካፖርት ለብሶ ቀበሌው አጠገብ በምትገኘው ክሊኒክ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል፤ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ይለዋል፣ እሱም አይከለክልም።

«ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ሽንቴን።»

«ሥራህ?»

«ሾፌር።»

«በየት በኩል?»

«በሻሸመኔ።»

«በቃ» አለ። እዚያ ላይ ምርመራው አለቀ። «ሲወጣ ያቃጥልሃል።»

«ኧረ አያቃጥለኝም። ደም ብቻ ነው።»

«ያቃጥልሃል፣ አፍረህ ነው።»

«አንተ ሰው፣ የኔን ሽንት ከኔ በላይ ታውቀዋለህ?»

«ዙር» አለኝ። ዞርኩ። ፔኒሲሊን ወጋኝ፣ ነገም ተመለስ አለኝ፣ ተመለስኩ።

እናም የሚያናድደው ይሄ ነው፦ ደሙ ቆመ። በኋላ እንደተነገረኝ የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው፣ በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። ያኔ ግን ማን ያውቃል? መርፌው ጨብጥ ያድናል፣ መርፌው አዳነኝ፣ ስለዚህ ጨብጥ ነበረብኝ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ሳላውቀው ይሆን እንዴ ብያለሁ።

ድሬሰሩ ግን አልበቃውም። ሚስቴን አስጠራት። ሴቶች ሕፃናት አቅፈው በተሰለፉበት፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺም መወጋት አለብሽ፣ ባልሽ አስይዞሽ ይሆናል» አላት። ተወጋች። እየተሳበች ወደ ቤት መጣች፣ አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ፍራሽ አውጥታ ለኔ ሳሎን ዘረጋችልኝ። አልጋው የሷ ሆነ።

ሳምንት ሳይሞላ አማቴ ከአርሲ ነገሌ መጡ። እኒህ ሴት ከልጃቸው አስበልጠው የሚወዱኝ ነበሩ፤ በመንገዴ ሳልፍ መኪናዬን በድምፁ ለይተው እርጎ ይዘው አስፋልት ዳር የሚቆሙልኝ። ነገሩን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ዋቀዮ! ልጄን አስወጋሃት?»

«እማማ፣ እኔ እኮ አልሄድኩም። ይመኑኝ።»

«ታዲያ በነፋስ መጣብህ?»

እሳቸው ውኃ ሊቀዱ ቦኖ ወርደው፣ ሲመለሱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ክፋት አልነበረም። ሆዳቸው ሲቃጠል አፋቸው ይከፈታል፣ አፈጣጠራቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስበው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። ሚስቴ ከአልጋ አወጣችኝ እንጂ ከልቧ አላወጣችኝም፤ ራሷ ግን አታውቀውም ነበር። ከመንገድ ስገባ የእግር ውኃዬ ለብ ብሎ ይጠብቀኛል። ወጤ ተከድኖ ይቀመጣል። «ብላ፣ አንተ ጨብጣም» ትለኛለች። እበላለሁ። «ጨው አነሰው» ካልኳት «ሻሸመኔ ያለችው ትጨምርልህ» ትለኛለች። ግን ጨው ታቀብለኛለች። እኔም ተናድጄ ልወጣ ስነሳ ሸሚዜ ተተኩሶ ችንካሩ ላይ አገኘዋለሁ። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል?

ደሙ ተመልሶ ሲመጣ ብሶ መጣ፣ እየጓጎለ። ልደብቅ አሰብኩ። እንደገና መርፌ፣ እንደገና ስም። በኋላ ግን ተናደድኩና ጣሳ ውስጥ ሸንቼ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ይኸው! ፈልጌ ያመጣሁት ይመስልሻል?»

ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ነጠላዋን አነሳችና «ተነስ፣ አዲስ አበባ እንሂድ» አለችኝ።

«ጨብጣም አይደለሁ? ምን አደከመሽ?»

«ብትረክስም የኔ ነህ። ተነስ።»

አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ አንዲት ነርስ ታስተረጉምለታለች። መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንቴ መውጫ አስገብተው ውስጤን አዩ፤ ስለ እሱ አልጽፍም፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ከውስጤም ቆንጥረው ወስደው መረመሩ። ውጤቱ በደረሰ ቀን ሚስቴ ከጎኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ተናገረ፣ ነርሷም ቀስ ብላ፣

«ጨብጥ አይደለም» አለች። «የፊኛ ነቀርሳ ነው።»

ሚስቴ ብድግ አለች። «እልልልልል!»

ኮሪደሩ ሙሉ በሽተኛ ዞሮ አየን። አንዷ ከወዲያ «ምን ወለደች?» ስትል ሰማሁ። ነርሷ ደንግጣ ክንዷን ያዘቻት፦

«እህቴ፣ እህቴ! ነቀርሳ ነው ያልኩሽ እኮ! ካንሰር!»

«ሰማሁሽ! ጨብጥ አይደለም ብለሻል አይደል?»

«አዎ፣ ግን…»

«እንግዲያው ተመስገን ነዋ!» አለችና እንደገና አፏን ከፈተች። ከዚያ ቃሉ ገባት መሰለኝ። እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ፣ አፏ ግን እንደተከፈተ ቀረ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ሳቅሁ። ካንሰር አለብህ በተባልኩበት ሰዓት ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው። ይህችን ሴት ከሞቴ ይልቅ ውሽማዬ ነበረች የምታስጨንቃት። ከዚህ የበለጠ ፍቅር ካለ አላየሁም።

ሐኪሙ ለምን እልል እንዳለች ጠየቀ። ነርሷ ስትነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር። ሲጋራ ታጨሳለህ? ነክቼው አላውቅም። ቀለም ወይም ኬሚካል ፋብሪካ ሠርተሃል? አልሠራሁም። ምን ትበላለህ? ነገርኩት። የቆርቆሮ ሥጋ ስለው ብዕሩን አቆመ። ስንት ጊዜ? ሁልጊዜ። ሚስትህስ? ሚስቴ ራሷ መለሰች፦ «እኔማ ማን እንዳረደው ሳላውቅ አልበላም።»

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ሥጋው ከርሞም ቀይ የሚሆነው እንዳይበላሽ በሚነሰንሱበት መድኃኒት መሳይ ጨው ነው። የሱ ርዝራዥ ወደ ሽንት ይወርዳል፣ ሽንት የሚጠራቀመው ፊኛ ውስጥ ነው፣ ሾፌር ደግሞ ሽንቱን ይቋጥራል። ዘወትር የሚበላ ሰው ላይ ይህ ፊኛን ይጎዳ ይሆናል ብለው ሐኪሞች ይጠረጥራሉ። «ይጠረጥራሉ» አለ፣ ደጋግሞ። «ያንተ በዚህ መጣ ብዬ መማል አልችልም፤ ብዙ በልቶ ያልታመመ አለ፣ ሳይበላ የታመመ አለ። አንተ ግን ተወው።»

እኔ የገረመኝ ይሄ ነው፦ ቆርቆሮው እንኳ ዳኛ አግኝቷል። ተጠርጣሪ እንጂ ጥፋተኛ አላሉትም። እኔ ላይ ግን ሥራዬን ብቻ ጠይቀው ፈረዱብኝ።

በዚያው በሽንቴ መውጫ ገብተው ፋቁት። ሥር አልሰደደም አሉኝ፣ እየተመላለስህ ታይ አሉኝ። ይህን ስጽፍም እመላለሳለሁ። የቆርቆሮ ሥጋ ተውኩ። ይናፍቀኛል፤ የሞቀ ሞተር በሸተተኝ ቁጥር ምራቄ ይመጣል።

አዳማ በገባን ማግስት ሚስቴ ባልዲዋን ይዛ ቦኖ ወረደች፣ ሴቶቹ ተሰልፈው ሳለ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ስሙኝ! ባሌ ጨብጥ የለበትም። ነቀርሳ ነው ያለበት!» አለች። እኔ ከቦኖው አጥር ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ።

«ውይ፣ ሳንባውን?» አለች አንዷ። «አጠገቡ እንዳትተኚ፣ ይተላለፋል።»

«ሳንባ አይደለም። ፊኛ ነው።»

«ፊኛ? ልጆች የሚነፉት?»

«እሱ የበሬው ነው እናንተ» አለች የሥጋ ቤቱ ሚስት። «ሰውም አለው፣ ሽንቱን የሚይዝበት።»

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም። እኔ ትናንት አብሬው ተኝቻለሁ» አለች ሚስቴ። ቦኖው በሳቅ ፈረሰ። ውሸት አልነበረም፤ ፍራሹን በገባን ምሽት ጠቅልላ ቆጥ ላይ ሰቅላዋለች።

አማቴ ሰምተው መጡ። እግሬ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ይዘው፣

«ልጄ፣ ምነው ጨብጥ በሆነልህ!» አሉኝ። «መርፌ ያድነው ነበር።»

«እማማ፣ አሁን ነው እንዴ የሚሉኝ?»

«አፌን ይቁረጠው፣ ልጄ።» ከዚያ ቆርቆሮውን መራገም ጀመሩ፤ ያልተባረከ ሥጋ ነው ፊኛህን የበላው አሉ። ሐኪሙና እሳቸው በመንገዱ ይለያዩ እንጂ ቆርቆሮውን መጠርጠር ላይ ተስማምተዋል።

የቀረን ድሬሰሩ ነው። እኔ ልተወው ብዬ ነበር፤ ሚስቴ ናት እምቢ ያለችው። «አንተን ብቻ መሰለህ የወጋው?» አለችኝ። የእድሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዳ ከሰሰችው። እድሩ በተሰበሰበበት ድሬሰሩ ካፖርቱን አውልቆ መጣ፤ ያለ ካፖርቱ ሲታይ ጎረምሳ ነው። እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ሾፌር ነው፣ ሻሸመኔ ያድራል። በዚያ ጠረጠርኩት» አለ።

«እኔንስ?» አለች ሚስቴ ከሴቶቹ በኩል ተነስታ። «እኔ የት አድሬ ነው፣ ሰው ፊት ያዋረድከኝ?»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አየ። ሽማግሌዎቹም አልረዱት። ጎንበስ አለና መጀመሪያ ለሷ፣ ቀጥሎ ለኔ፣ «አጥፍቻለሁ፣ አልመረመርኩም፣ ስማችሁን አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ ትንሽ ጎንበስ እንዳለ እንዲቆይ ፈልጌ ነበር። ሚስቴ አጠገቤ መጥታ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ነገሩ ያለቀው ግንቦት 21 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው።