«ተቀበል!» በካይሮ ሻይ ቤት

ልጄ ቤዛ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። ባለፈው እሑድ ለጫጉላ ዱባይ ይሻላል ዛንዚባር እያለች ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ድንገት፣ «እማዬ፣ ማለቴ... የእጮኛዬ ዝምታ በዛብኝ። በቃ ያስፈራኛል» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አባቷ ዜና ከፍቶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። እኔም ካይሮ ላይ ያጋጠመንን ጀመርኩላት።

ደረጀን ያገባሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በጥር ነው። ቤተሰብ ከቤተሰብ ተነጋግሮ፣ ሽማግሌ ተልኮ። እኔ የሰንጋ ተራ ልጅ ነኝ፤ ካላወራሁ የበላሁት አይፈጭልኝም። እሱ ካዛንቺስ ከአዝማሪ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው ያደገው። እንዲያ ያለ ሰፈር አድጎ እንዴት ዝምተኛ እንደሆነ እግዜር ይወቅ! አውሮፕላን ጥገና ይሠራ ስለነበር ለጫጉላችን ካይሮ የሄድንበት ቲኬት በነፃ ሊባል ምንም አልቀረውም። ሌላው ግን ሁሉ በቁጠባ ነው። የሆቴላችን ሊፍት አይሠራም፤ ሻንጣችን ውስጥ አማቴ የቋጠሩልን ዳቦ ቆሎና ጭኮ አለ።

ግብፅ በረሃ ነው ብዬ ስስ ቀሚስ ብቻ ይዤ ሄድኩ። አቤት ብርዱ! ለካ ጥር የእነሱ ክረምት ኖሯል። ደረጀ ምንም ሳይል ጋቢውን አለበሰኝና ካይሮን በጋቢ ዞርኳት። ሩዝ፣ ምስርና ፓስታ ቀላቅለው የቲማቲም ስጎ የሚያፈሱበት ኮሸሪ የሚባል ርካሽ ምግብ አላቸው፤ ምሳም እራትም እሱ ሆነ። ደረጀ ከኪሱ ሚጥሚጣ እያወጣ ይነሰንስበታል። እስከ ዛሬ ያምረኛል።

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ሙዚየም ውስጥ እኔ አወራለሁ፣ አውቶቡስ ላይ እኔ አወራለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ፒራሚዱ ሥር ቆመን «እንዴት ነው?» ስለው፣ «ትልቅ ነው» አለኝ። በቃ፣ ይኼው! ሆድ ባሰኝ። ይህ ሰው አይወደኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው አልኩ በሆዴ። ስንመለስ እኔም አፌን ዘጋሁ።

ሲመሽ አሮጌው ገበያ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ገባን። ናይት ክለብ ለኪሳችን አይሆንም፤ እዚህ ግን በአንድ ብርጭቆ ሻይ የፈለጉትን ያህል ይቀመጣሉ። አንድ ሽማግሌ ኡድ የሚሉትን፣ ሆዱ የተነፋ ክራር መሳይ ይጫወታሉ። ናና ያለበትን ሻዬን እያማሰልኩ በሩን በሩን አያለሁ። ሽማግሌው ትንፋሽ ለመውሰድ ትንሽ ሲያርፉ ከጎኔ «ተቀበል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ደረጀ ነው! ደግሞ ቆሟል! አዝማሪ ቤት እንግዳው ግጥም ሲሰጥና አዝማሪው ተቀብሎ ሲዘፍን እንደሚባለው። አንቱ የሚባሉትን ሰው፣ በማያውቁት አማርኛ፣ «ተቀበል» ይላቸዋል! የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ፒራሚዱን አየሁ ብዙም አልደነቀኝ፣
የሰንጋ ተራዋ ሳቋ እየናፈቀኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ኡዳቸውን አቀፍ አደረጉና የመጨረሻዋን ቃል፣ «ናፈቀኝ... ናፈቀኝ...» እያሉ በራሳቸው ዜማ አስረዘሟት። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔማ ሳቄና እንባዬ ተደባለቀ። ለካ መሳቅ ማቆሜን ልብ ብሎልኛል!

«ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ነው?» አልኩት፣ ወደ ሆቴላችን በእግር ስንመለስ።

«በግድግዳው ስሰማው ያደግኩት ነው» አለ። «ደግሞስ አንቺ መቼ ፋታ ሰጠሽኝ?»

ቤዛ ስልኳን አስቀምጣ አፏን ከፍታ ታየኛለች። «አባዬ? ይሄ አባዬ?»

«አዎ፣ ይኸው አባትሽ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ነው፤ ውስጡ ያለውን ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ያን ዕለት ሆድ ብሶኝ ዝም ባልል ኖሮ እሱም አይናገርም ነበር።»

«ከዚያ ወዲህስ ግጥም ሰጥቶልሽ ያውቃል?»

«የት አባቱ! አዝማሪ ቤቱ ራሱ ፈርሶ ሕንፃ ቆመበት፤ እሱ እንደሆነ አንድም ቀን...»

ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

«ተቀበይ!» አለ ደረጀ ከሶፋው ላይ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ።

ወሬ የማያልቅብኝ ሴትዮ ዝም ብዬ ጠበቅኩ።