በሁለተኛው አልበም ላይ ያፈሰስኩት ጸበል

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደነበር ግን አውቃለሁ። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

አሰላ ካለው ግቢዬ አንዱን ሰርቪስ ክፍል አራት ወጣት ሙዚቀኞች ተከራይተውኝ ነበር። ዘፋኙ ቢኒያም ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ መምህር ነው። ከበሮ የሚመታው ገመቹ የሁሩታ ልጅ ነው። ሙዚቃቸው ፖስት ሃርድኮር ይባላል አሉኝ፤ እኔ የማውቀው ጩኸቱን ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን አዲስ አበባ ቀድተዋል። ሁለተኛውን እኔ ጋ፣ ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍነው፣ ሁለት ዓመት ለፉበት።

ቢኒያም በአንዱ ዘፈን «ተቃጠልኩ፣ ልቀቁኝ፣ እወጣለሁ» እያለ ይጮሃል። ጸበል ቦታ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል አይስተውም፤ ርኩስ መንፈስ ሲለቅ የሚለው ነው። አንድ ቀን ለምሳ ወጥተው ሳለ ከባዶው ክፍል ያው ጩኸት ይሰማል። በትርፍ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። የሚጮኸው ኮምፒውተሩ ነው። በጠርሙስ የያዝኩትን ጸበል አፈሰስኩበት። ጸጥ አለ።

ኮምፒውተር መሆኑን አላወቅሁም? አውቄያለሁ። ዘፈናቸው መሆኑንስ? እሱንም አውቄያለሁ። ጸበሉን ያነሳሁት ፈርቼ ነው፤ ያፈሰስኩት ግን ጩኸቱ ስለሰለቸኝ ነው። ታዲያ በጸበል እንዲህ ይደረጋል?

ሲመለሱ «ጣራው አፍስሶ ነው» አልኳቸው። አልበሙ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ገመቹ ሊያስቃቸው ብሎ «በቃ፣ አልበማችን ተጠመቀ» ሲል ጎንበስ ብዬ ውሃውን መወልወል ጀመርኩ። ቢኒያም ደግሞ እኔኑ ያጽናናኛል፤ «አባባ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ? ጣራ ነው።»

በማግስቱ ጣራ ላይ ወጥተው ቀዳዳ ቢፈልጉ አጡ። ይሁን ብለው ቆርቆሮውን በሙሉ እንደገና መቱልኝ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። አልበሙም ሳይወጣ ቀረ፣ እነሱም ተበተኑ።

ይህን ወረቀት ለቢኒያም ልሰጠው ነው። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ የእሱ ነው፤ እኔ የማቀርበው ምክንያት የለኝም። መጀመሪያ ስጽፈው «ጸበሉ ፈሰሰበት» ብዬ ነበር። የልጄ ሚስት ፊደሌን ስታርም እዚያ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ማነው ያፈሰሰው?» አለችኝ፤ እስክሪብቶውንም መለሰችልኝ።

ሰርዤ «አፈሰስኩበት» ብዬ ጻፍኩ። እሷ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር። ጫልቱ ትባላለች።