ካርቶኑ ያልተከፈተው ፓምፕ

መርሳ ከተማ፣ ጋሽ አበራ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመፍቻ ቁልፍ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ጣሳ አመድ ሰጡኝ። ጋራዡ የመስኖ ፓምፕ የሚጠገንበት ነው። ከአጠገባችን ከግራናና ከውርጌሳ ሽንኩርት አልሚዎች በባጃጅም በአህያም ጭነው ያመጡልናል። ወንዶቹ መካኒኮች ጣሳዬን ሲያዩ «ከዲጃ ምድጃ ልትጠርግ መጣች!» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ እልህ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ጋሽ አበራ አልሳቁም። አንድ የሚያፈስ ፓምፕ አስመጥተው «በጨርቅ አድርቂው፤ አመዱን በስሱ ነስንሺበት፤ ከዚያ አስነሺው» አሉኝ። ሁሉም ሰው ያፈሳል ያለው ከፊት ያለውን መገጣጠሚያ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ግን አመዱ መጀመሪያ የጠቆረው ከኋላ፣ ዘንጉ በሚገባበት በኩል ነው። ውሃው ከዚያ ወጥቶ፣ በሥር ዞሮ፣ ከፊት ይንጠባጠባል። «አየሽ? የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ለየቅል ነው» አሉኝ። ቁልፉን የሰጡኝ ይኼኔ ነው፤ የሳቁትም ወደየሥራቸው ዞሩ።

ከዚያ ወዲያ በሀብሩ ወረዳ ያልፈታሁት ፓምፕ የለም ብል ብዙም አልዋሸሁ። ሽንኩርት ውሃ ሲጠማው «ነገ ተመለስ» አይባልም፤ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለውን እዚያው ቆመህ ትወስናለህ። የማየው ሁሌም ያው ነው። አካሉ ተሰንጥቋል? ዘንጉ ተጣሟል? ሞተሩ ተቃጥሏል? እነዚህ ደህና ከሆኑ ፓምፑን አልጥልም። ስንት ገበሬ «ወላሂ አዲስ ልገዛ ነበር» እያለ መርቆኝ ሄዷል።

ስሜ ወልድያ ደርሶ ኖሮ አንድ ቀን ሐጂ እንድሪስ ደወሉልኝ። ሐጂ ወልድያ ውስጥ የዋና ገንዳ ያለው ሆቴል አላቸው። «ከዲጃ፣ የገንዳዬ ፓምፕ ያፈሳል። ዒድ ደርሷል፤ የደሴ እንግዶቼ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት ለገንዳው ነው። ድረሽልኝ!» አሉኝ። ቦርሳዬን አንስቼ መኪና ተሳፈርኩ።

የፓምፑ ክፍል ወለል ረጥቧል። በሩ ላይ አዲስ ፓምፕ በካርቶኑ እንደታሸገ ተቀምጧል። ከካርቶኑ አጠገብ ጋሽ ደመቀ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የሐራ ሰው ናቸው፤ ገንዳውን የሚጠብቁትና የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው።

«አዲሱን ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ፤ አንቺ መግጠም ብቻ ነው» አሉ ሐጂ። «አሮጌውን ይኼ ሰውዬ ነው ያቃጠለብኝ። ለዒዱ ይሥራና ከዚያ ወደ ቤቱ።»

ጋሽ ደመቀ በእጃቸው ያለውን ኮፍያ ጨመቁት። በዚህ ዕድሜ ከሥራ የወጣ ሰው ማን ይቀጥረዋል?

«ሐጂ፣ መግጠሙስ ይደርሳል፤ አሮጌውን አንዴ ልየው» አልኳቸው።

«ምኑን ታይዋለሽ? ይኸው እያፈሰ!»

«የሚንጠባጠብበትን አየሁ፤ የሚያፈስበትን ገና አላየሁም። ከወጥ ቤት ትንሽ አመድ ቢያስመጡልኝ።»

«አጃኢብ! ለፓምፕ አመድ!» አሉ። አመዱ ግን መጣ።

አድርቄ፣ ነስንሼ አስነሳሁት። ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል፤ ይኼን ድምፅ ልብ አልኩት። አመዱ የጠቆረው በዘንጉ ዙሪያ ብቻ ነው። አጥፍቼ ፈታሁት። አካሉ ስንጥቅ የለበትም፤ ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው፤ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታም በእጄ ሳዞረው ድምፅ የለውም። የተበላሸው «ሲል» የምንለው ነው፤ ዘንጉ ሲሽከረከር ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቀለበት። ጎማው ደርቆ፣ ፊቱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ሲል እንዲህ የሚሆነው ፓምፑ ውሃ ሳያገኝ ሲዞር ነው።

«ጋሽ ደመቀ፣ ገንዳው ይጎድላል እንዴ?» አልኳቸው። ሐጂን አዩ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ። «እኔ ምን አውቄ» አሉ። እያወቁ ነው የደበቁት፤ የጌታቸውን ነገር በሰው ፊት ማውጣት ነውር ሆኖባቸው።

ወጥቼ ገንዳውን አየሁ። ፓምፑ ውሃ የሚስብበት አፍ ግማሹ ከውሃው በላይ ቀርቷል። ለካ አየር ነው የሚጠጣው! ሐጂን ጠርቼ ውሃው ለምን እንደጎደለ ጠየቅኳቸው።

«የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው» አሉ፤ ኮራ ብለው። «ፈረቃችን እስኪደርስ ከውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ጠብታ ወደ ገንዳው እንዳይገባ ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ።»

«ፓምፑስ?»

«ፓምፑማ ገንዳው እንዳይሸት በየጠዋቱ ይነሳል፤ እሱንም ያዘዝኩ እኔ...» አሉና ቆሙ። ገንዳውን አዩት። ጢማቸውን ዳሰሱ። ገብቷቸዋል፤ ግን የሆቴል ጌታ ናቸው፣ ጋሽ ደመቀም እዚያው ቆመዋል።

«ለማንኛውም አዲሱን ግጠሚው» አሉኝ።

እልሄ መጣ። «እገጥመዋለሁ ሐጂ። ውሃው እንዲህ ከቆየ ግን እሱም ይቃጠላል። ያኔ ማንን ሊያባርሩ ነው?»

ተናግሬው ራሴ ደነገጥኩ። ሐጂ ካርቶኑን አዩ፤ ጋሽ ደመቀን አዩ። «በይ ጠግኚው» አሉ ቀስ ብለው።

ግራና ላይ ሽንኩርት የሚያጠጡ የመብራት ፓምፖች የሚወስዱት «ሲል» ልኩ ከዚሁ ጋር አንድ ነው፤ ከቦርሳዬ አይጠፋም። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ፊቱን በጣቴ ሳልነካ አስገባሁት። ቅባት ከነካው አይገጥምም። ጋሽ ደመቀ ሮቶውን ከፍተው ገንዳውን እስከ አፉ ሞሉ። መልሼ አመድ ነሰነስኩና «ቢስሚላሂ» ብዬ አስነሳሁት።

መንኳኳቱ የለም። አመዱ እንደተነሰነሰ ደረቅ ነው። ጠበቅን፤ ያው ደረቅ ነው። ሐጂ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አዩት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

በእኛ አገር ዒድ ሲደርስ የተቀያየመ ሰው አፉ ይባባላል፤ ይቅር መባባል ነው። ጌታ ሠራተኛውን «አፉ በለኝ» ብሎ ሲለምን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሐጂ በአመድ ጣታቸው የጋሽ ደመቀን እጅ ያዙ። «ደመቀ፣ አፉ በለኝ። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አሉ ጋሽ ደመቀ።

«እንግዲህ በገንዳው ውሃ የምታዝ አንተ ነህ። ሮቶውን ከፍተህ ትሞላለህ፤ ከጎደለም አታስነሳም። እኔ ብልህ እንኳ እንቢ በለኝ» አሏቸው። እኔ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ዓይኔን በክንዴ ጠረግኩ፤ በደስታ ነው።

ለዒዱ ልጆቹ ሲንቦጫረቁ ዋሉ። ጋሽ ደመቀ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። አዲሱ ፓምፕ መጋዘን ውስጥ ካርቶኑ ሳይከፈት ተቀምጧል፤ ወልድያ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ አንገቴም ቀና ይላል።

ከኋላዬ ለምትመጡ የሙያ ልጆች የምለው ይኼ ነው፦ አካሉ ከተሰነጠቀ ፓምፑን ቀይሩ። ሲሉ ከተቃጠለ ሲሉን ቀይሩ። ውሃው ከጎደለ ውሃውን ሙሉ፤ ሰው አታባርሩ።