የጋሽ ዓብዱ ቋሚ አማች

ከሚሴ ላይ ልጅ ሲታጭ ድሮ የሚጠየቀው የማን ልጅ ነው፣ ይሰግዳል ወይ፣ ጠባዩስ እንዴት ነው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ተሻረና አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ «ቋሚ ነው ኮንትራት?» ሌባም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ በቋሚነት ይስረቅ።

ሙሄ ቋሚ ነበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ ሾፌር ነው። ደመወዙ ወረቀት ላይ ሲያዩት ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ከወረቀቱ ወደ ኪሱ በሚያደርገው ጉዞ ላይ ነው። መጀመሪያ የሥራ ግብር ይጠብቀዋል። ከእሱ ያመለጠውን ጡረታ ከመቶ ሰባት ይወስዳል። ቀጥሎ «በሙሉ ፈቃደኝነት» የሚባሉት መዋጮዎች ይመጣሉ፤ ሙሄ ፈቃደኛ መሆኑን የሚያውቀው ከተቆረጠበት በኋላ ነው። የተረፈችውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ እንኳ ያዝኑለታል።

እንዲህ እያለ ከከተማው ወጣ ብሎ ጨፋ ላይ የመስኖ ቦይ የሚቆፍር ድርጅት መጣና ሾፌር ፈለገ። ሥራው ኮንትራት ነው፣ በየዓመቱ እየታየ የሚታደስ። ደመወዙ የሙሄን ሦስት እጥፍ። ሙሄ ማስታወቂያውን ካነበበ በኋላ ፒካፑን እስከ ቢሮ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ እያስጮኸ ነዳው። ሳቢራን ለማግባት ሲያጠራቅም ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ በዚህ አያያዝ ልጅቷን የሚያገባት ሁለቱም ሲያረጁ ነበር።

በቀጥታ ወደ ሒሳብ ሠራተኛው ወደ ምንተስኖት ሄደ። ምንተስኖት ከሰው ደመወዝ ላይ ሲቀንስ ፊቱ የሚፈካ ሰው ነው።

«ኮንትራት ግብር የለውም አይደል?» አለው ሙሄ።

«ማን ነገረህ?»

«ባጃጅ ነጂዎቹ።»

«እነሱ ደግሞ ግብር የት ያውቃሉ?» ካልኩሌተሩን ጎተት አደረገ። «ስማኝ። ተቀጣሪ ካሉህ ግብሩ አይቀርልህም፤ እንዲያውም ደመወዝ ከፍ ሲል መቶኛውም አብሮ ከፍ ይላል። አገልግሎት ሰጪ ብለው ካስፈረሙህ ደግሞ ጥቂት ብቻ ቀንሰው ይሰጡሃል። አንተ ሁሉም የኔ ነው ብለህ በግ ታርዳለህ። ዓመቱ ሲያልቅ ገቢዎች ጠርቶ ቀሪውን ክፈል ሲልህ የበጉ ቆዳ አያድንህም።»

«ጡረታውስ?»

«የራስህ ጉዳይ። የዓመት ፈቃዱም የራስህ፣ ህመሙም የራስህ።»

«እሺ፤ ይኼ ሁሉ ተቀንሶ እጄ ላይ የሚገባው አሁን ከማገኘው ያንሳል?»

ምንተስኖት ደጋግሞ ነካካ። ቢያንስለት ደስ ባለው። «ከእጥፍ ይበልጣል» አለ አዝኖ።

ሙሄ በዚያው ሳምንት ለድርጅቱ አመልክቶ እሺ ተባለና ወደ ሳቢራ አባት ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ዓብዱ ዕድሜ ልካቸውን ገንዘብ ያዥ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስለ ጡረታ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ስለ አንድ ተአምረኛ ወሊይ የሚያወሩ ይመስላል። ሙሄ ይህን ስለሚያውቅ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለሆኑት ለአጎቱ ለኑርሁሴን «ስለ ሥራዬ አያንሱ» ብሎ አደራ አላቸው። ኑርሁሴን ግን የጨፋ ገበሬ ናቸው። እዚያ ኮንትራት የሚይዘው የገበሬ መሬት ተከራይቶ ሽንኩርት የሚያለማ ባለገንዘብ ነው፤ ኑርሁሴን በዕድሜያቸው ድሃ ኮንትራት ሲይዝ አላዩም። እንዲህ ያለ ክብር ተደብቆ እንዴት ይዋል?

ጫቱ ተቅሞ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ኑርሁሴንን አላስቻላቸውም።

«ያ ዓብዱ፣ ልጃችን የድሮው ሾፌር እንዳይመስልህ። ወላሂ፣ ኮንትራት ሊይዝ ነው!»

ጋሽ ዓብዱ የያዙትን ጫት አስቀመጡ።

«ኮንትራት?» አሉ ጋሽ ዓብዱ።

«ኤዬ! እዚሁ ጨፋ!»

«ኑርሁሴን፣ አንተ መሬትህን ኮንትራት ሰጥተህ ታውቃለህ?»

«አንዴ ሰጥቻለሁ።»

«ሰውዬው ሽንኩርቱን ነቅሎ ሲሄድ ምን ተወልህ?»

«ምን ይተዋል? አፈሩን ጨርሶት፣ የማዳበሪያውን ላስቲክ በትኖብኝ ነው የሄደ» አሉና ኑርሁሴን አፋቸውን ያዙ።

«እና ሳቢራን እንደዚያ አድርጓት እንዲሄድ ነው የምትለምነኝ?»

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፈልገው ወጡ።

በማግስቱ ሳቢራ ደወለች። «እኔ ብሆን ኮንትራቱን እይዝ ነበር» አለችው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አባቴ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም። ፕሮጀክት ሞልቷል ሙሄ፣ እኔ ያለኝ አባት ግን አንድ ነው።»

ሙሄ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። ከዚያ ጨፋ ወርዶ የድርጅቱን ሰዎች «ይቅርብኝ» አላቸው። ሲወጣ ሊነዳት የነበረችውን አዲስ መኪና ዳሰስ አደረጋት። ልጅቷን ይወዳታል፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሄዱና ኒካሁ ታሰረ። ጋሽ ዓብዱ ሙሽራውን ለእንግዳው ሁሉ «ቋሚ ነው» እያሉ አስተዋወቁት። ስሙን የጠየቀም አልነበረም።

ትዳሩ በቋሚ ደመወዝ ተጀመረ። በዓመቱ ልጅ መጣ፣ ቤት አከራዩም ጨምሩ አለ። ሳቢራ ሽንኩርት በፍሬ መግዛት ለመደች። ዱቄት አልቋል ስትለው ሙሄ «አብሽሪ፣ ጡረታ አለን» ይላታል። ጡረታው ግን ገና ነው፤ ሙሄ ሪዙ እንኳ በቅጡ አልሸበተም።

አንድ ቀን ጠዋት መሥሪያ ቤቱ የመስኖውን ሥራ የሚያዩ ኃላፊዎች አሳፍሮ ላከው። የድርጅቱ ግቢ በር ላይ ሲደርስ መንገዱ በገመድ ተዘግቷል። ኃላፊዎቹ እግራቸውን ለማፍታታት ወርደው ቀድመው ገቡ። አዲስ የደንብ ልብስ የለበሱ ጥበቃ ፊሽካቸውን እየነፉ ወደ መኪናው መጡና መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ፊሽካው አፋቸው ላይ ቀረ። ዘመድ ጥየቃ ወረዱ የተባሉት ጋሽ ዓብዱ ናቸው።

«አባባ! እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንደምታየኝ ነው። በር እጠብቃለሁ።»

«በቋሚነት?»

ጋሽ ዓብዱ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ኮንትራት» አሉ። «ጡረታው ለመድኃኒቴም አልበቃ አለኝ። እዚህ ግብሩ ተቀንሶ እንኳ…» እጃቸው ላይ የሚገባውን በጆሮው ነገሩት። ሙሄ ከሚያገኘው ይበልጣል።

ሙሄ መሪውን ጨምድዶ ያዘ። ተናደደ፤ አማት ባይሆኑ ኖሮ ይሳደብ ነበር። «እኔን ከልክለው!»

«አንተ ልጄን ልታገባ ነበር» አሉ ጋሽ ዓብዱ። «እኔ ማንን ላገባ ነው?»

ገመዱን ፈቱለት። ሊነዳ ሲል ግን ተመልሰው መጡና የታጠፈ ብር ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ለሳቢራ ስጣት፤ ለልጁ ወተት ይሁን። ከየት ነው ካለችህ፣ ከጡረታዬ ነው በላት።»