አስቀጻይ

ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ቀጭን ድምፅ ከፍ ብሎ አንድ መስመር ያወጣል፤ ሌሎች ሁለት ድምፆች ተከትለው ይደግሙታል። ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ ያ ድምፅ ይጠፋብኛል፣ ማሽኑ ሲቆም ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም አሥረኛ ክፍል የገባሁበት መስከረም ከነጭቃው ከፊቴ ይደቀናል።

ከአጥሩ ማዶ ያለው የአባቴ ደጅ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በልጅነቴ ከጋዝጊብላና ከፃግብጂ ስንቃቸውን ተሸክመው የመጡ ልጆች ደጃችንን ሞልተውት ይማሩ ነበር። ሁሉንም እሳቸው አይሰሙም፤ ልማዱ ዳዊት የደገመው ንባብ ለያዘው፣ ንባብ የያዘው ለፊደል ቆጣሪው መስመር እያወጣለት፣ ታናሹም አፉን እያየ እየተከተለው እንዲማር ነበር። ይህን ማስቀጸል ይሉታል። ከሁሉ የላቀው ልጅ ቶሎ ወደሚቀጥለው ትምህርት አይሸኝም፤ ታናናሾቹን ሲያስቀጽል ይከርማል፣ ይህም ለሱ ሹመት ነበር። አባቴ ሴት ናት ሳይሉ ከነሱ መሃል አስቀምጠው ዳዊት አስደገሙኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝም አስቀጻይ አደረጉኝ። በቁመት የሚበልጡኝ ወንዶች አፌን እያዩ ሲከተሉኝ የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ በሌላ ነገር አግኝቼው አላውቅም።

በዚያ መስከረም ትምህርት ቤታችን ልዩ ክፍል ከፈተ። ከየክፍሉ የተሻሉት ተመርጠው ለብቻቸው ይቀመጣሉ፣ ሂሳብና ፊዚክሱን ከሌላው ቀድመውና ጠለቅ አድርገው ይማራሉ፣ ቅዳሜም ይገባሉ፣ ተቆልፎ የኖረው ቤተ ሙከራም ይከፈትላቸዋል ተባለ። በዝርዝሩ ላይ አንደኛ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ልጅ ሰዓዳ ነበረች፣ የወንበር ጓደኛዬ፤ ሁለተኛ እኔ ነበርኩ። የሂሳብ መምህራችን መምህር ደሳለኝ ወረቀቱን እያደለን «ወላጅ አስፈርማችሁ እስከ ዓርብ አምጡ፤ ወንበሩ አይጠብቃችሁም» አለን።

የሰዓዳ አባት ወረቀቱን የተቀበሏት ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እየለኩ ነበር። «ከዚህ ክፍል የሚወጣ የት ይደርሳል?» አሏት። «ዩኒቨርሲቲ፣ አባ» ስትላቸው ገዢዋን አስቁመው ፈረሙ። አባቴ ግን ወረቀቱን ሁለት ቀን ያዙት፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፣ ደገሙት፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄን መረጧት» እያሉ አወሩ፣ ግን አልፈረሙም። ሐሙስ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መቋሚያቸውን ይዘው «ነይ፣ አብረን እንሂድ» ሲሉኝ፣ ለክብሬ ብለው መምህራኑ ፊት ሊፈርሙልኝ ነው ብዬ ከኋላቸው እየዘለልኩ ተከተልኳቸው።

ዳይሬክተሩ ልጅ ሳለ ፊደል የቆጠረው በኛ ደጅ ነበር። አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፣ መምህር ደሳለኝንም አስጠራ።

«ልጄን ስለመረጣችሁልኝ እግዜር ያክብራችሁ» አሉ አባቴ ተደላድለው ተቀምጠው። «ግን አንድ ነገር ልላችሁ ነው የመጣሁ። ጎበዝ ጎበዙን ለቅማችሁ ከወሰዳችሁ የቀረው ልጅ የማንን አፍ አይቶ ይቀጽላል? እሷ እዚያው ትሁንና ታስቀጽላቸው። ያስተማሩት ትምህርት አይጠፋም። ከርማ ትለፍ።»

«መሪጌታ፣ የኛ አሠራር ትንሽ ይለያል» አለ መምህር ደሳለኝ፣ ቃል እየመረጠ።

«ምኑ ይለያል ልጄ? ይኸው ይህን ጠይቀው» ብለው በመቋሚያቸው ወደ ዳይሬክተሩ አመለከቱ፤ «በዚሁ መንገድ አይደለም እዚህ የደረሰ?»

ዳይሬክተሩ ሳቀ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለ። ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ከዓይኑ አይቼዋለሁ፤ ግን ፊደል ያስቆጠሩትን ሰው በገዛ ቢሮው ማሳፈር ከሱ አቅም በላይ ነበር። መምህር ደሳለኝ ወደኔ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አባ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም፣ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አባት በሰው ፊት አይታረምም፤ ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ታስቀጽላቸው የሚለው ቃል የልጅነት ኩራቴን ቆስቁሶት፣ ያ ሁሉ ተማሪ አፌን እያየ ሲከተለኝ ታይቶኝ ነበር።

«አባቴ እንዳሉ» አልኩ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ «ፈረሙልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት የተሸከመችውን ሳታወርድ ወደ አባቴ ሄደች። «መሪጌታ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ አሳልፈው የራስዎን ልጅ ደጃፍ ላይ አስቀሯት?» «አላስቀረኋትም፣ ሾምኳት እንጂ» አሏት። እናቴ ሲመራት ወደ አፍ መፍቻዋ ወደ ኽምጣንጋ ትመለስ ነበር፤ አባቴ ቋንቋውን በቅጡ አይሰሙም፣ እኔ ግን ሰማሁ። በማር ገደሏት፣ ነበር ያለችው።

ጥቅምት ሲጠባና ብርዱ ሲጠነክር ልዩ ክፍሉ ከሜዳው ማዶ ወዳለው አዲሱ ሕንፃ ተዛወረ። የፊዚክስ መምህሩ እዚያ ስለተመደበ እኛ ዘንድ ሲመቸው ብቻ ይመጣ ነበር፤ ሳይመጣ ሲቀር የክፍል አለቃው መጽሐፉንና ጠመኔውን ያስታቅፈኛል፣ እኔም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስገለብጥ እውል ነበር። አፌን የሚያይ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው ጀርባዬን ነበር። «እሜቴ መሪጌታ፣ ቶሎ ቶሎ በይ፣ ልንወጣ ነው!» ይሉኝ ነበር ከኋላ። «ያ የጻፍሽው አራት ነው መስቀል?» ይለኛል ሌላው፣ ክፍሉም ይስቃል። ለሚጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም፤ እኔም አልገባኝም ነበርና። ዳዊትን ትርጉሙን ሳላውቅ ደግሜዋለሁ፣ ትርጉሙም ውሎ አድሮ መጥቶልኛል፤ ቀመሩ ግን ስንት ጊዜ ገልብጬው አንድ ቀን እንኳ ተከትሎኝ ቤት አልመጣም።

በበጋው እሑድ እሑድ ከሰዓዳ ጋር ከሱቃቸው ጓዳ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ተቀምጠን ደብተሯን ታስረዳኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጥያቄ ሦስቴ ደጋግሜ ስጠይቃት «ውይ፣ ይሄን እኮ አልፈነዋል» አለችኝ፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ወዲያው ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። እኔ ግን ከፋሲካ በኋላ መሄዴን ተውኩ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እሷ በአዲሱ ሕንፃ እኔ በአሮጌው ሆነን፣ በሜዳው ላይ ስንተላለፍ ሰላም እየተባባልን ጨረስን።

ውጤቱ በክረምት መጣ። ሰዓዳ አለፈች፣ እኔ ወደቅሁ። አባቴ ዝናቡን እያዩ የጠየቁኝ ስለኔ አልነበረም።

«ካስቀጸልሻቸውስ ስንቱ አለፈ?»

«ማንም፣ አባ።»

ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ተከናነቡ። ሰዓዳ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሄደችበት ጠዋት ደብተሮቿን ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅልላ በወንድሟ ላከችልኝ፤ አንዱን እንኳ አልገለጥኩትም፣ ከጀርባ ባዶ የቀሩትን ገጾች ግን ግጥም ጻፍኩባቸው። ግጥም እንዲህ ይጻፋል ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ፣ ከቆሎ ተማሪዎቹ የሰማሁትን ቅኔ በጆሮዬ እየለካሁ ለመድኩት።

ባለፈው መስከረም የአባቴን መጻሕፍት አቧራ ሳራግፍ ከዳዊታቸው ውስጥ ያ ወረቀት ወደቀ። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ስሜ አለበት፣ የወላጅ ፊርማ የሚለው መስመር ባዶ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። «አውቀዋለሁ» አሉ፤ «ስምሽ ስላለበት ነው ያኖርኩት።» ወረቀቱን መልሼ አጥፌ፣ ዛሬስ ይሁን ብዬ፣ ከግጥሞቼ አንዱን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ አንድ ቦታ ላይም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መምህርሽ ማን ነው?» አሉኝ። እሳቸው በኖሩበት ዓለም መምህር የሌለው ቅኔ የለም።

«የለኝም፣ አባ።»

አቀረቀሩ። የከፋቸው መሰለኝ፤ ያደረጉብኝ የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ዳበሱና «ብቻሽን መጻፉ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ነይና ልጆቹን አስቀጽይልኝ።»

ያኔ ደጁ ሙሉ ነበር፣ ዛሬ ልጆቹ ሦስት ናቸው። ያኔ ለአንዲት ወረቀት ብዬ ከአባቴ ኋላ እየዘለልኩ ሄድኩ፤ ዛሬ በየመስከረሙ ያንኑ ወረቀት ለትምህርት ቤቱ በክምር አባዛለሁ፣ ያ ባዶ መስመርም ከማሽኑ እየወጣ እየወጣ ይደረደራል። ያኔ «አባቴ እንዳሉ» ያልኩት ከልቤ ነበር። አሁንም «እሺ፣ አባ» ብያቸዋለሁ፣ ግን አልሄድኩም። ጠዋት ቀጭኑ ድምፅ የመጀመሪያውን መስመር ሲያወጣ፣ የሚባዛ ወረቀት ባይኖርም፣ ማሽኑን አስነሳለሁ።