የላባ ቁምጣ

ልብስ ሰፊዋ አንድ የማትሽረው ሕግ አላት። ልብስ ስታጠብብ ትርፉን ጨርቅ አትቆርጥም፤ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። ደንበኛው “እኔ እንደሆን አልወፍርም፣ ቁረጪው” ብሎ ቢምል ቢገዘት ጆሮዋን አትሰጠውም። ስንቱ ሸንቃጣ ነኝ ባይ ያንኑ ሱሪ በፌስታል ጠቅልሎ ተመልሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትንሽ ልቀቂልኝ እንዳላት እሷ ናት የምታውቀው። ሱቋ ከአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ አንገቷ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የማይወርደው ሜትሯ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ተቀድዶ ስፌት የሚጠብቅ የተማሪዎች ዩኒፎርም ክምር አለ።

እንግዲህ ለሰው ወገብ ይህን ያህል የምታስብ ሴት፣ የገዛ ልጇ ዓይኗ ሥር ስታልቅ አላየችም። ወይ ጉድ አትሉም?

ልጅቷ ሯጭ ናት። ትንሽ ሆና ዳቦ ግዢ ሲሏት ሳንቲሙ እጇ ላይ ሳይሞቅ ደርሳ የምትመለስ ነበረች። የታዳጊዎች ቡድን አሰልጣኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ስትሮጥ አይቶ “ላባ” አላት፣ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያቸው። ግን አንድ ልማድ ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም በየተራ ሚዛን ላይ ያወጣል። ካለፈው ሳምንት ለቀነሰ ይጨበጨባል። ለጨመረ ማንም ምንም አይልም፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከስድብ ይብሳል። እሱም በጊዜው “የቀለለ ይፈጥናል” እየተባለ ነው ያደገው፣ የሰማውን አስተማረ።

ላባ ጭብጨባውን ወደደችው። ጭብጨባ ማን ይጠላል? መጀመሪያ ቁርስ ላይ “አልራበኝም” አለች። ከዚያ ምሳ ላይ “አልራበኝም” መጣ። ራት ሲቀርብ ደግሞ ጓደኛዬ ቤት በልቻለሁ ማለት ለመደች። አባቷ የረዥም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ገበታ ላይ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እናትየው ራሷ ምሳዋን መኪናዋ ላይ አቀርቅራ በቁራሽ ዳቦ የምትገፋ ናት፣ የልጇን ቃል አመነች። ሌላው ቀርቶ ልጅቷ የሩጫ ቁምጣዋን ይዛ “እማዬ፣ ወገቡን አጥብቢልኝ” ባለች ቁጥር በኩራት ታጠብብላት ነበር። ለደንበኞቿም የኔ ልጅ ወገብ እኮ በአንድ እጅ ይጨበጣል እያለች ታወራለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይሄው ነው።

ላባ ቅልጥሟን ሲያማት መጀመሪያ ለማንም አልተናገረችም። ትልቁ የወጣቶች ውድድር ደርሶ ነበር፤ የክለብ ሰዎች መጥተው ልጆች የሚመርጡበት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ኩርባውን ስትዞር እግሯ እምቢ አላት፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጓደኞቿ ደግፈው እናቷ ሱቅ አደረሷት፣ እናትየውም ይዛት ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፣ ግን አትቸኩልም። ራጁን መብራት ላይ ለጥፋ የቅልጥም አጥንቱን አሳየቻቸው። አጥንቱ ላይ ክር የምታክል ስንጥቅ አለች። እናትየው የት ነው የወደቀችው ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ የትም አልወደቀችም አለች። አጥንት በሩጫ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጎዳል፣ በምግብና በእረፍት ደግሞ ይጠገናል፤ የሷ የሚጠገንበት አላገኘም። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ የወር አበባሽ ይመጣል ወይ አለቻት። ላባ መሬት መሬት እያየች ከቆመ ቆየ ብላ መለሰች።

እናትየው ይህን የሰማችው ገና ያን ጊዜ ነው። ሐኪሟ ሳትቆጣ አስረዳቻቸው። ሰውነት የሚበቃውን ምግብ ሲያጣ ይቆጥባል። የወር አበባውን ያቆማል፣ አጥንት መገንባቱንም ይተዋል። ይህ ዕድሜ ደግሞ አጥንት ለዕድሜ ልክ የሚጠራቀምበት ነው፤ አሁን ያልተጠራቀመውን በኋላ ማግኘት ይከብዳል። መድኃኒቱ በየሰዓቱ ጠግቦ መብላት ነው አለች፦ ዳቦውም፣ ወተቱም፣ እንቁላሉም፣ ዓሣና ባቄላውም፣ ጎመኑም ሳይቀር፤ ፀሐይ መሞቅ፣ እግሩን ማሳረፍ። የዘንድሮው ውድድር አይታሰብም።

“ድጋሚ እሮጣለሁ?” አለች ላባ።

“ከበላሽ ትሮጫለሽ። ካልበላሽ ሌላው አጥንት ይከተላል።”

ሱቅ ሲደርሱ ላባ በተሰጣት ክራንች ተደግፋ ቆማ አለቀሰች። ከወፈርኩ አልፈጥንም፣ ማንም አይመርጠኝም አለች። እናትየው ቁምጣውን አወጣችና ምላጭ ይዛ ቁጭ አለች። በሠራችው ጊዜ የኮራችበትን ስፌት መስመር በመስመር ፈታችው። የታጠፈው ጨርቅ ከውስጥ ወጣ፤ ፀሐይ ስላላየው ከሌላው ይልቅ ቀለሙ ደማቅ ነበር።

“ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው፣ አልቆረጥኩትም” አለቻት። “ሞልተሽ ትለብሺዋለሽ። ከእንግዲህ እኔ ላንቺ ማጥበብ አላውቅም።”

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ለምሳ ሱቋን ዘጋች። ሰፈሩ ጉድ አለ፤ ያ በር በሥራ ቀን ተዘግቶ አያውቅማ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። መጀመሪያ ሰሞን ላባ አንድ እንቁላል ፊት እንባዋ ይመጣ ነበር። እናትየውም ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ “‘ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል’ ሲሉ እሰማ ነበር፣ ይሄኛው ግን ንቅንቅም አላለ” ትላታለች። ልጅቷ ሳትወድ በግድ ትስቃለች፤ ስትስቅ ትጎርሳለች።

እናትየው አሰልጣኙንም አነጋገረችው። ሜዳው ድረስ ሄዳ ሐኪሟ ያለችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ይከራከረኛል ብላ ወገቧን ይዛ ነበር። እሱ ግን አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

“እትዬ፣ እኔም ሩጫ ያቆምኩት በዚሁ አጥንት ነው” አላት። “የዕድሌ ነገር ነው ብዬ ነበር እስከ ዛሬ።”

ሚዛኑን ለአንዲት የሰፈሩ ድንች ነጋዴ ሰጣት። እሷስ የወፈረውን ነው የምትወደው። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው ቁርስ ይበሉ ጀመር።

ስንጥቁ ከገጠመ በኋላ ላባ ዛሬውኑ ካልሮጥኩ ብላ አስቸገረች። እናትየው የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል አለቻት፤ ሐኪሟ እስክትፈቅድ መራመድ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ ሆነ። የወር አበባዋ የተመለሰ ዕለት ላባ ሱቅ ድረስ መጥታ በእናቷ ጆሮ ሹክ አለች። እናትየው የደንበኛ ኮት እያጠበበች ነበር፤ ኮቱን አስቀምጣ ልጇን አቀፈች።

በዓመቱ ያው ውድድር መጣ። ላባ መስመሩ ላይ ስትቆም ባቷ ሞልቷል፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ቁምጣውም ልክ ሆኗል። ጎኑ ላይ የተፈታው ስፌት ምልክትና ያ ደማቁ ጨርቅ ከሩቅ ይታያል። ከአጥሩ ጀርባ አንዷ “ላባ እኮ ወፈረች” ስትል እናትየው ሰማች።

ሩጫው ሲጀመር ላባ መሃል ገብታ ቆየች። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከፊት የነበሩት ጉልበታቸው ተንጠፍጥፎ ነበር፤ እሷ ግን ገና ጉልበት ነበራት። ኩርባውን፣ ያንን አምና የተቀመጠችበትን ኩርባ፣ በውጭ በኩል ዞራ አንድ በአንድ አለፈቻቸው። አሰልጣኙ ኮፍያውን ወረወረ። እናትየው ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ ከሱቅ መምጣቷን ያወቀችው እያውለበለበችው ስትጮህ ነው። እሰይ የኔ ልጅ! ላባ ብቻዋን ገባች፣ ሁለተኛዋ ገና ቀጥታው ላይ ነበረች።

የክለቡ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊያናግራት ቀረበ። ላባ ይቅርታ አንዴ ብላው አለፈች፣ በሰው መሃል እየተጋፋች አጥሩ ጋ ደረሰች። ላቧ ይንጠባጠባል፣ ጥርሷ አይከደንም።

“እማዬ” አለች፣ “ራበኝ!”

እናትየው ያን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቃዋለች። እየሳቀችም እያለቀሰችም ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዳቦውንና የተቀቀለውን እንቁላል በአጥሩ ላይ አቀበለቻት።