«ደብል» ፍለጋ ጅቡቲ

ሐሙስ

ጅቡቲ ከተማ የሄድኩት መኪና ልገዛ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ በመንገዴ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የመጣሁበትን ጉዳይ ከኔ በላይ አውቃለሁ ባይ ስለነበረ ነው።

የምንኖረው ከአሊ ሳቢህ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው፤ ትንሽ ሱቅ አለን። በመንደሩና በከተማው መሃል አሸዋ የሞላው ደረቅ ወንዝ አለ። አሮጌዋ ፒክአፓችን ባለ አንድ ዲፈረንሻል ናት፤ የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ብቻ ነው። ካቻምና ባለቤቴን ሰናይትን ምጥ ይዟት ሆስፒታል ስወስዳት እዚያ አሸዋ ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆምን። ልጃችን በሰላም ተወለደች፣ ተመስገን። አሁን ደግሞ ሰናይት ሰባት ወሯ ነው። «በዚያች መኪና ሁለተኛ አልሄድም» አለችኝ። «ደብል ካላመጣህ ድሬዳዋ እናቴ ጋ ሄጄ ነው የምወልደው።»

ሚስቴ ከኔ ርቃ እንድትወልድ አልፈልግም። ደብል ማለት ደግሞ ደብል ዲፈረንሻል ነው፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። ይሄ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል?

ሚኒባሱ ሰባት መቶ ፍራንክ ነው። ሹፌሩ አንድ ሰው ጎደለኝ ብሎ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አስቀመጠን። ግራን ባራ ስንደርስ፣ ቁጥቋጦ እንኳ የማይታይበት የደረቀ ነጭ ጭቃ ሜዳ ነው፣ ንፋሱ አቧራውን በተሰበረው መስኮት አስገባብን። ከተማው ውስጥ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ስደርስ ፊቴ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር።

የሰናይት አጎት ጋሽ ሙሉጌታ እዚያ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ደብል አግኝቼልሃለሁ» እያሉ በስልክ ሳምንት ሙሉ ሲያስደስቱኝ ከርመዋል። ወስደው አሳዩኝ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አራት በር ያለው ፒክአፕ ነው። በሆዴ ተኝቼ ከስር አየሁት። ከፊት ጎማዎቹ መሃል ዲፈረንሻል የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ነጠላ ነው።»

«አራት በር እያየህ ነጠላ ትለኛለህ?»

«ስለ ዲፈረንሻሉ ነው የምለው።»

«ደብል አላችሁኝ፣ ደብል አገኘሁ። ሰናይትም ደውላ ያለችኝ ይህንኑ ነው። ለመሆኑ ቤተሰብ ነው የምትጭነው ወይስ ድንጋይ?»

ሞተሩ ደግሞ ቤንዚን ሆኖ አረፈው። ድምፁ አይሰማም ይሉኛል ሻጩና ደላላው። ድምፅ ምን ያደርግልኛል? እኛ መንደር ናፍጣ በበርሜል ይመጣል፤ ቤንዚን ለመቅዳት ግን ያንኑ አሸዋ መሻገር ነው። ይህን ለማስረዳት ስጀምር ሰባት ሰዓት ሆነ፣ የዕለቱ ጫት ከተማ ገባ፣ ሻጩም ደላላውም ከፊቴ ተነሥተው ሄዱ። ከተማው በአንድ ጊዜ ጭር አለ።

አርብ

ገበያው ሁሉ ዝግ ነው። ካርቲየ 2 በስድስት መቶ ፍራንክ የተጠበሰ ዓሣ በቂጣ በላሁ። ጋሽ ሙሉጌታ አብረውኝ ቢሆኑም አኩርፈው አላናገሩኝም።

ቅዳሜ

ካርቲየ 3 አሕመድ የሚባል የድሬዳዋ መካኒክ አገኘሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ሳያናድደኝ ያናገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሁለት መኪና አሳየኝ፤ ሁለቱም ናፍጣ፣ ሁለቱም ደብል ዲፈረንሻል። አንዱ ቱርቦ አለው፣ ሌላው ቀለሙ የለቀቀ ቀይ ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ ጋቢናውም ነጠላ ነው።

«ቱርቦዋ ለአስፋልት ጎበዝ ናት» አለኝ። «በዚህ ሙቀት አሸዋ ላይ ካስጨነቅካት ግን የሞተሯ ክዳን፣ ቴስታታዋ፣ ይሰነጠቃል። የምጠግናት እኔ ነኝ፣ ለኔማ ግዛት።»

«ቀዩስ?»

«ቀርፋፋ ነው። ግን ይጎትታል። ብቻ ፎር ዊል ማርሹን ስለሳብክ ሥራው አለቀ እንዳትል። መጀመሪያ ወርደህ የፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች በእጅህ አዙር፤ ካለዚያ ፊቱ አይጎትትም።»

ቀዩን ገዛሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ሊሸኙኝ መጥተው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩና «ሰናይት ምን ትላለች?» አሉኝ። ደስ ይላታል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው መቼም መኪና ሳያውቅ አስተያየት መስጠት ይወዳል ብዬ ነዳሁ።

እሑድ

አሊ ሳቢህ ዘመድ ቤት አድሬ ጠዋት ወንዙ ጋ ደረስኩ። በኩራት ማርሹን ሳብኩ፣ ገባሁ፣ ቆምኩ። መቆለፊያዎቹን ረስቻለሁ። ራሴን እየተሳደብኩ ወረድኩ፣ አዞርኳቸው፣ ተመልሼ ነዳሁ። ወጣ። ሳላውቀው ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሰናይት ከሱቁ ወጥታ መኪናውን ዞራ አየችው።

«የኋላ ወንበሩ የታለ?»

«ምን የኋላ ወንበር? ደብል ነው፤ አራቱም ጎማ ይጎትታል።»

«ደብል ጋቢና ነበር ያልኩህ።»

«ደብል ነው ያልሽኝ።»

«ያን ቀን አንተ ውጭ አሸዋ ትቆፍር ነበር» አለች። «እኔ እዚያች ጋቢና ውስጥ ተጣጥፌ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ አማጥኩ። ጋደም የምልበት ቦታ ነው የፈለግኩት። አሸዋውንማ ማን አስታወሰው?»

ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ደወልኩ። ነጩ ቅዳሜ ማታውኑ ተሽጧል።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ፣ ስለ ቱርቦ፣ ስለ ቤንዚንና ስለ ቴስታታ ብዙ ተምሬያለሁ። የማላውቀውን መካኒክ ግማሽ ቀን ጠየቅሁ። ሚስቴን ግን «ደብል ስትይ ምን ማለትሽ ነው?» ብዬ አንዴም አልጠየቅኋትም፤ ያን ቀን ምን እንደሆነችም እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር። ይህ እስካሁን ያበሽቀኛል።

በሳምንቱ የድሬዳዋ ባቡር ቀን ነበር። እናቷ ጋ ለመውለድ ይዛ የምትሄደውን ሻንጣ ከኋላ ጫንኩ፤ እሷ ልጃችንን ታቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ወንዙ ጋ ወርጄ መቆለፊያዎቹን አዞርኩ። ቀዩ አንዴም ሳይንሸራተት አሸዋውን ተሻገረ።

«ጥሩ መኪና ነው» አለችኝ፣ ጣቢያው በር ላይ ስትወርድ።